የሞተር ሳይክላችሁን የፊት ሾክ ለድሬ መንገድ ማስተካከል

ድሬዳዋ ውስጥ የፊት ሾኩ ያስቸገረው ሰው የሚሰጠው ምክር ሁሌም ያው ነው፤ «አቦ አጠንክረው!» ወፍራም ዘይት ጨምርበት፣ ስፕሪንጉ ላይ ብረት ደርብበት፣ በቃ። ከከዚራ እስከ ሳቢያን ብትጠይቁ ከዚህ የተለየ መልስ አታገኙም። እንዲህ የጠነከረ ሾክ ኮብልስቶን ላይ ሲወጣ ግን እጅ ያደነዝዛል። ጎማው ድንጋይ በነካ ቁጥር ይዘላል። ሰውየውም «ይሄ ሞተር ድሮም አይረባም» ብሎ ይሸጠዋል።

ሾክ ማሻሻል ማለት ማጠንከር አይደለም። ለክብደታችሁና ለመንገዳችሁ መለካት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ አንድ ጠዋት ይበቃዋል፣ ዕቃውም ውድ አይደለም።

የማወራው ፊት ለፊት ሁለት ረጃጅም ሾክ ስላለው ተራ ሞተር ነው። ቦክሰር በሉት፣ ቲቪኤስ በሉት፣ የቆየ ያማሃ ዲቲ በሉት፣ የብዙዎቹ ውስጥ ተቀራራቢ ነው። የባጃጅ የፊት እግር ሌላ ዓይነት ስለሆነ እዚህ አልገባበትም። ባለ አራት ጎማ ሞተር ያላችሁ ስለ ልኬት የምለው ይሠራላችኋል፤ አፈታቱ ግን አይገናኝም።

ውስጡ ምን አለ?

እያንዳንዱ እግር ሁለት አካል አለው። ከላይ የሚያብረቀርቀው ቧንቧ፣ ከታች ደግሞ ጎማውን የያዘው ቀፎ። ቧንቧው ቀፎው ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል። ውስጡ ረጅም ስፕሪንግ፣ ዘይት፣ እና ትንንሽ ቀዳዳዎች ያሉት ዘንግ አለ። ከዘይቱ በላይ፣ እስከ ክዳኑ ድረስ ያለው ቦታ አየር ነው።

ሥራቸው ለየቅል ነው። ስፕሪንጉ ክብደት ይሸከማል። ዘይቱ በቀዳዳዎቹ ለማለፍ ስለሚታገል የሾኩን መግባትና መመለስ ያዘገያል። አየሩ ደግሞ ሾኩ መጨረሻው ሊደርስ ሲል ይታመቅና ስፕሪንጉን ያግዛል።

ሁሉም ነገር ያለው ቀዳዳዎቹ ላይ ነው። ዘይት በዝግታ ሲያልፍ ብዙም አይታገልም። ሾኩ የሚገባበት ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግን ትግሉ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ኮብልስቶን ሾኩን የሚመታው በፍጥነት ነው፤ ጠርዝ በጠርዝ፣ ጠጠጠጠ እያለ። ወፍራም ዘይት ከሁሉም በላይ የሚያስቀይመው እዚያ ነው። ከደንገጎ ቁልቁል ወደ ድሬ ስትወርዱ ፍሬን ይዛችሁ ሞተሩ አፍንጫውን ሲደፋ ግን፣ ሾኩ የሚገባው ቀስ ብሎ ነው። ወፍራም ዘይት መድፋቱን ትንሽ ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። የሚይዘው ስፕሪንጉና አየሩ ነው።

ስለዚህ «እጄን ይነርተኛል» እና «ፍሬን ስይዝ ይደፋብኛል» ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። መድኃኒታቸውም ይለያያል። መካኒኩ ለሁለቱም አንድ ዘይት ካዘዘላችሁ ጠርጥሩ።

ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት

መጀመሪያ የጎማ ንፋስ ለኩ። የሞተሩ መጽሐፍ ወይም ሰንሰለት መሸፈኛው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ልኩን ይነግራችኋል። «ሾኬ ደረቀ» ከሚሉት ውስጥ ብዙዎቹ ጎማቸውን ድንጋይ እስኪመስል ያስነፉ ናቸው። ድሬ ጠዋት የተነፋ ጎማ ቀትር ላይ ፀሐይና አስፋልት ሲያገኘው ደግሞ ግፊቱ ይጨምራል። ልኬቱ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ይሁን።

ቀጥሎ የመሪውን ኩሽኔታ ፈትሹ። ከሞተሩ ሥር ሳጥን አስገብታችሁ የፊት ጎማውን ከመሬት አንሱ። የቢራ ሳጥን ላይ ጣውላ ጣል ቢደረግ ይበቃል፤ የኋላውን ጎማ ደግሞ በድንጋይ አስደግፉ። መሪውን በአንድ ጣት ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት። መሃል ላይ ሲደርስ «ቀጭ» ብሎ የሚቀመጥ ከሆነ ኩሽኔታው ተበልቷል። ከዚያ የሾኮቹን ታችኛ ጫፍ ይዛችሁ ወደፊትና ወደኋላ ነቅንቁ። ከመሪው ሥር ከተንቀጫቀጨ ልል ነው። ይህን ሳያስተካክሉ ሾክ መፍታት ልፋት ብቻ ነው።

ስምጠቱን መለካት

ስምጠት የምለው እናንተ ስትቀመጡበት ሾኩ ከሙሉ ርዝመቱ ምን ያህል እንደሚገባ ነው። ለከተማና ለገጠር መንገድ ከሾኩ ሙሉ ጉዞ (ከተዘረጋበት እስከ መጨረሻው ሲገባ ከሚሄደው ርቀት) 30 በመቶ አካባቢ ጥሩ መነሻ ነው። ጉዞው 120 ሚሊሜትር ከሆነ ስምጠቱ 36 አካባቢ መሆን አለበት ማለት ነው። ከ25 እስከ 35 በመቶ ቢሆንም ክፋት የለውም።

የፊት ጎማው ከመሬት እንደተነሳ የሚያብረቀርቀውን ቧንቧ ርዝመት፣ ከቀፎው አፍ እስከ ታችኛው ማቀፊያ (ከመሪው ሥር ሁለቱን ቧንቧዎች አንቆ እስከያዘው ብረት)፣ በሜትር ለኩና ጻፉ። ከዚያ ሞተሩን አውርዱት። በየቀኑ የምትለብሱትን ለብሳችሁ፣ የምትጭኑትን ጭናችሁ ተቀመጡ። ከአወዳይ ጫት ጭኖ የሚመላለስ ሰው ባዶ ሞተር ላይ ቢለካ ራሱን እየሸወደ ነው። አንድ ጓደኛ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ይያዝላችሁ፣ ሌላው ይለካ።

ቧንቧው ከኦይል ሲሉ (ቀፎው አፍ ላይ ዘይት እንዳይወጣ ከሚያግደው የጎማ ቀለበት) ጋር ስለሚፋተግ አንድ ልኬት አይታመንም። መጀመሪያ መሪውን ወደታች ተጫኑና ቀስ ብላችሁ ልቀቁት፤ ሲቆም ለኩ። ቀጥሎ ወደላይ ጎትቱና ቀስ ብላችሁ አውርዱት፤ ሲቆም ለኩ። የሁለቱን አማካይ ከመጀመሪያው ቁጥር ቀንሱ። ያ ነው ስምጠታችሁ። በሁለቱ መሃል ብዙ ልዩነት ካለ ቧንቧው ጎብጧል፣ ወይም ሾኮቹ ተጣመው ታስረዋል።

አንድ ሌላ ቁጥርም ውሰዱ፤ ማንም ሳይቀመጥበት ሞተሩ በራሱ ክብደት ምን ያህል እንደሚሰምጥ። ይህኛው በኋላ ስፕሪንጉ ይቀየር አይቀየር የሚለውን የሚፈርድ ነው።

መጨረሻ ላይ ቧንቧው ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ እሰሩና ከቀፎው አፍ ጋር አስጠጉት። አንድ ቀን ነድታችሁ ስትመለሱ ሾኩ እስከ የት እንደገባ ያሳያችኋል። ከዚህ የረከሰ መለኪያ የለም።

አፈታት

ሥራውን ጠዋት ጀምሩ። ድሬ ከሰዓት በኋላ በዚያ ሙቀት ቁልፍ ማን ይይዛል?

ሁለት ኦይል ሲል፣ ሁለት የአቧራ ጎማ (ከሲሉ በላይ ተቀምጦ አቧራ የሚከለክለው)፣ ለታችኛው ቡሎን ሁለት የመዳብ ሮንዴላ፣ የሾክ ዘይት፣ ሲሪንጅ ከቀጭን ጎማ ጋር፣ የብረት ማስመሪያ፣ ፌስታል። ቁልፎቹን ታውቋቸዋላችሁ። ሲል ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ወይም ጠርዙ ላይ የተጻፉትን ሦስት ቁጥሮች ገልብጡ። የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋትና ውፍረት ናቸው። ታይዋን ገበያ ባለ ሱቁ «ይሄ ይሆናል» ሲላችሁ ቁጥሩ ካልገጠመ አይሆንም።

አሁን ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። ጎማው ሳይወጣ፣ ሞተሩ በእግሩ እንደቆመ ሁለት ነገር ይላላል። አንደኛው የላይኛው ክዳን ነው። ቧንቧውን አንቆ የያዘውን የላይኛውን ማቀፊያ ቡሎን መጀመሪያ አላሉ፤ ያለዚያ ክዳኑ ጥርሱን ይበላል። ክዳኑን ሩብ ዙር ብቻ። በአንዳንድ ሞተር ክዳኑ ራሱ ቧንቧውን ከላይኛው ማቀፊያ ጋር ያሰረው ትልቅ ቡሎን ነው። ሁለተኛው ከቀፎው ሥር፣ ከታች ወደላይ የገባው ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ ቡሎን ነው። አንድ ሰው መሪውን በኃይል ወደታች ይጫን፣ እናንተ አላሉት። ስፕሪንጉ ሲጫነው የውስጡ ዘንግ አብሮ አይዞርም። ይህን ረስታችሁ ሾኩን ካወጣችሁ በኋላ ብትሞክሩ ዘንጉ ውስጡ እየዞረ ሲያሾፍባችሁ ይውላል።

ከዚያ ሞተሩን በሳጥኑ ላይ አንሱ። ባለ ዲስክ ከሆነ ካሊፐሩን (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን ክፍል) ፍቱና በሽቦ አንጠልጥሉት፤ በፍሬን ዘይት ቱቦው አይንጠልጠል። ካሊፐሩ እንደወጣ ፍሬን እንዳትይዙ፣ ፒስተኑ ይወጣባችኋል። የፍጥነት መለኪያውን ገመድ፣ ፔርኖውን (ጎማው የሚዞርበትን ዘንግ)፣ ጎማውን፣ መከላከያውን አውጡ። ቧንቧው ከላይኛው ማቀፊያ በላይ ምን ያህል ብቅ እንዳለ ለክታችሁ ጻፉ። የታችኛውን ማቀፊያ አላልታችሁ ሾኩን እያዞራችሁ ወደታች ጎትቱት።

ክዳኑን ስትፈቱ ፊታችሁን ከላዩ አርቁ። ሥሩ የታመቀ ስፕሪንግ አለ። በጨርቅ ይዛችሁ፣ ወደታች እየተጫናችሁ አዙሩት። ስፕሪንጉን ከማውጣታችሁ በፊት የትኛው ጫፉ ወደላይ እንደነበር ምልክት አድርጉ። የአንዳንዱ ስፕሪንግ ጥምዝ በአንዱ ጫፍ ተጠጋግቶ በሌላው ይራራቃል፤ ተገልብጦ እንዳይገባ።

ዘይቱን ከመድፋታችሁ በፊት ደግሞ አንድ ነገር ለኩ። ስፕሪንጉ ወጥቶ፣ ሾኩን ሙሉ በሙሉ አስገብታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት፤ ከቧንቧው አፍ እስከ ዘይቱ ፊት ያለው ርቀት ስንት ነው? የሞተሩ መጽሐፍ ከሌላችሁ፣ ሲሉ የማያፈሰው እግር ላይ ያገኛችሁት ቁጥር መነሻችሁ ነው።

ከዚያ ድፉት። የሚወጣው ነገር ብዙ ጊዜ ዘይት አይመስልም፤ ግራጫ፣ የሚሸት፣ ሥሩ ላይ የብረት ዱቄት የተኛበት ነው። የሠፈር ልጅ የሚያመሰግነው ግማሽ ማሻሻያ ይህን አውጥቶ ንጹሕ ማስገባት ብቻ ነው።

ማጽዳትና ሲል መቀየር

የታችኛውን ቡሎን አውጡ፣ ቧንቧና ቀፎውን ለያዩ። ሁሉንም በላምባ እጠቡና አድርቁ። ቧንቧውን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አንከባሉት፤ ከጎበጠ ብርሃን ያሳልፋል። ቀጥሎ በጥፍራችሁ ዳስሱት። ሲሉ የሚመላለስበት ቦታ ላይ ጥፍር የሚይዝ ዝገት ወይም ጭረት ካለ አዲስ ሲል በሳምንት ይቆረጣል። ትንሽ ጉድጓድ ከሆነ ጠርዙን በ1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውኃ አለስልሱት። ጉድጓዱን ባለ ሁለት ውሁድ ማጣበቂያ ሙሉትና ሲደርቅ አስተካክሉት። ትልቅ ከሆነ ቧንቧው ይቀየር።

አሮጌውን ሲል ለማውጣት መጀመሪያ የአቧራ ጎማውን፣ ቀጥሎ ሲሉን የያዘውን የሽቦ ቀለበት አንሱ። ከዚያ በሰፊ ካቻቢቴ፣ የቀፎው አፍ ላይ ጨርቅ አድርጋችሁ ፈንቅሉት። ቀፎው አልሙኒየም ስለሆነ በቀላሉ ይጫራል።

አዲሱ ሲል ከንፈሩ ላይ ቀጭን የስፕሪንግ ቀለበት ያለበት ፊት አለው። እሱ ወደ ዘይቱ፣ ማለትም ወደታች ይዞራል። ከንፈሩን ግሪስ ወይም የሾክ ዘይት ቀቡት። ስፋቱ ከሲሉ ጠርዝ ጋር የሚመጣጠን የፒቪሲ ቧንቧ ቁራጭ ከላይ አድርጉና ቀስ በቀስ፣ ዙሪያውን እኩል እየመታችሁ አስገቡት። የሽቦ ቀለበቱ መቀመጫ ሲታይ ደርሷል፤ ቀለበቱንና የአቧራ ጎማውን መልሱ። ሲሉን በቧንቧው ጫፍ በኩል የምታሳልፉት ከሆነ ጫፉን በፌስታል ሸፍኑና ፌስታሉን ዘይት ቀቡት። የቧንቧው ጠርዝ ስለታም ነው፤ አዲስ ሲል ገና ሳይነዳ የሚቀደደው እዚህ ነው።

ዘንጉን መልሳችሁ የታችኛውን ቡሎን በአዲስ የመዳብ ሮንዴላ እሰሩት። ጥርሱ ላይ ጠብታ ሎክታይት (ቡሎን እንዳይላላ የሚይዝ ማጣበቂያ) ይኑር። እንደገና ዘንጉ ከዞረባችሁ ስፕሪንጉን ለጊዜው አስገብታችሁ እየተጫናችሁ አጥብቁ።

የትኛው ዘይት?

የብዙ ትንንሽ ሞተሮች መጽሐፍ 10 ቁጥር የሾክ ዘይት ይላል። ለሐረር ሰው፣ በተለይ ጀጎል ዙሪያ በዝግታ ለሚነዳ፣ እሱው ይበቃዋል። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ነፋሻ ናት። ድሬ 1,200 ገደማ ነው፤ እዚህ ቀትር ላይ ዘይት ይቀጥናል። ድሬ ውስጥ ለሚውል ሞተር 15 ቁጥር ያስኬዳል። ካጣችሁት ከአንድ ድርጅት የተመረተ 10 እና 20 እኩል ቀላቅሉ፤ ወደ 15 ይጠጋል። 20 ቁጥርን ብቻውን ለኮብልስቶን አልመክርም፤ ምክንያቱን ከላይ አይታችኋል።

የሾክ ዘይት ከጠፋ ቀዩ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ይሠራል፤ ውፍረቱ ከ10 ቁጥር ብዙም አይርቅም። የሞተር ዘይት፣ በተለይ 20 በ50 የሚባለው፣ ከልክ በላይ ወፍራም ነው። የፍሬን ዘይት ግን በፍጹም፤ ሲሉን ያበላሸዋል።

ሾኩን ሙሉ በሙሉ አስገብታችሁ፣ ያለ ስፕሪንግ፣ ዘይቱን ሙሉ። ከዚያ ቧንቧውን ደጋግማችሁ ወደላይና ወደታች አመላልሱት። መጀመሪያ ቡልቅ ቡልቅ ይላል፤ ውስጥ የቀረው አየር እየወጣ ነው። ድምፁ ጠፍቶ እጃችሁ ላይ እኩል ክብደት እስኪሰማችሁ ድረስ ቀጥሉ። ጥቂት ደቂቃ አስቀምጡት። ቀጥሎ የሲሪንጁን ጎማ በምትፈልጉት ርቀት ላይ ምልክት አድርጋችሁ አስገቡትና ትርፉን ምጠጡት። ሁለቱ እግሮች በሚሊሜትር እኩል ይሁኑ።

ሞተሩ ፍሬን ሲያዝ አፍንጫውን የሚደፋ ወይም ጉድጓድ ላይ «ቋ!» የሚል ከሆነ የዘይቱን ፊት ከመነሻው 5 ሚሊሜትር ከፍ አድርጉ። የአየሩ ቦታ ስለሚጠብብ መጨረሻው ላይ ይደነድናል፤ መጀመሪያው ግን ለኮብልስቶን ለስላሳ እንደሆነ ይቀራል። ነድታችሁ ካልበቃ ሌላ 5። ከ10 በላይ አትሂዱ። አየሩ በጣም ከጠበበ ግፊቱ ሲሉን ይገፋዋል።

ስፕሪንግ ላይ መደረብ

አሁን ወደጻፋችሁት ስምጠት ተመለሱ። ልኩ 36 ሆኖ እናንተ 50 ካገኛችሁ 14 ሚሊሜትር ይጎድላል። ቁራጭ ፒቪሲ ቧንቧ 14 ሚሊሜትር አድርጋችሁ በሴጌቶ ቁረጡ፣ ጫፉን በሞረድ አስተካክሉ፣ ለሁለቱም እግር እኩል አስገቡ። በስፕሪንጉና በፒቪሲው መሃል የብረት ሮንዴላ ይግባ፤ ያለሱ ስፕሪንጉ ፕላስቲኩን ይበላዋል። የድሮ መደረቢያ ካለው አዲሱን የድሮው ሲደመር 14 አድርጋችሁ አንድ ወጥ ቁረጡት፤ ቁርጥራጭ መደርደር ጥሩ አይደለም።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። መደረቢያ ስፕሪንጉን አያጠነክረውም። ሞተሩን ከፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል እንጂ ስፕሪንጉ ያው ስፕሪንግ ነው። ስለዚህ ደርባችሁ እንደገና ለኩ። የእናንተ ስምጠት ተስተካክሎ ባዶ ሞተሩም ጥቂት የሚሰምጥ ከሆነ ጨርሳችኋል። ባዶ ሞተሩ ምንም ሳይሰምጥ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ስትቀመጡበት ግን አሁንም ብዙ የሚሰምጥ ከሆነ ስፕሪንጉ ለእናንተ ደካማ ነው። መደረቢያ አያድነውም፣ ጠንካራ ስፕሪንግ ፈልጉ። ከ20 ሚሊሜትር በላይ መደረብ ካስፈለጋችሁም ነገሩ ወደዚያው ነው። በዚያ ላይ ጥምዞቹ ተነካክተው ሾኩን ጉዞው ሳያልቅ ሊያስቆሙት ይችላሉ።

ስፕሪንግ ቆርጦ ማጠንከርም አለ። ጥምዝ ሲቀንስ ስፕሪንግ እውነትም ይጠነክራል። ነገር ግን የተቆረጠው ጫፍ ጠፍጣፋ ሆኖ ካልተሠራ ቧንቧውን ከውስጥ ይፍቃል። ለጋራዥ ባለሙያ ተዉት።

መልሶ መግጠም

ቧንቧዎቹን በጻፋችሁት ከፍታ አስገቡ። የታችኛውን ማቀፊያ፣ ከዚያ ክዳኑን፣ መጨረሻ የላይኛውን ማቀፊያ አጥብቁ።

ባለ ታምቡር ፍሬን ሞተር ያላችሁ እዚህ ቆም በሉ። የፍሬኑ ሳህን ላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ከቀፎው ላይ ብቅ ካለው ጉጥ ጋር መግጠም አለበት። ካልገጠመ ፍሬን ስትይዙ ሳህኑ ከጎማው ጋር ይዞራል፣ ጎማው ይቆለፋል፣ ወደፊት ትወረወራላችሁ። በዓይን አይታችሁ፣ በእጅ ነክታችሁ አረጋግጡ። የዲስክ ባለቤቶች ደግሞ ዲስኩንና የፍሬን ሸራውን ዘይት እንዳይነካው፤ ዲስኩን ከነካው በፍሬን ማጽጃ ወይም በአልኮል አጽዱ፣ ሸራውን ከነካው ግን ቀይሩት።

ፔርኖውን አጥብቁ፤ ከቀፎው ሥር ያለውን የፔርኖ ማነቂያ ግን ገና ልል ይሁን። ሞተሩን አውርዳችሁ፣ የፊት ፍሬን ይዛችሁ መሪውን ደጋግማችሁ ወደታች ተጫኑ። ሁለቱ እግሮች ራሳቸው ትክክለኛ ቦታቸውን ይይዛሉ። ማነቂያው የሚጠብቀው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን የሚዘሉ ሰዎች «አዲስ ሲል አስገብቼ ሾኬ ደረቀ» የሚሉት ናቸው። ከመንዳታችሁ በፊት ፍሬኑን ደጋግማችሁ ጨብጡ፣ እጃችሁ ላይ እስኪጠነክር።

መሞከሪያ

መጀመሪያ ሠፈር ውስጥ በዝግታ። ከዚያ ኮብልስቶን፣ ከዚያ አስፋልት ላይ ጠንከር ያለ ፍሬን። ደንገጎን የመጀመሪያው ቀን ተዉት። በየመሃሉ ቁሙና የፕላስቲክ ማሰሪያውን እዩ።

ማሰሪያው በተራ ጉድጓድ መጨረሻው ከደረሰ የዘይቱን ፊት ከፍ አድርጉ ወይም ስምጠቱን እንደገና ለኩ። ከባድ ጉድጓድ ላይም የጉዞው ሩብ ሳይነካ ከቀረ አየሩ ጠብቧል ወይም ዘይቱ ወፍሯል። ፊቱ ከጉድጓድ በኋላ ደጋግሞ የሚዘል ከሆነ ዘይቱ ቀጥኗል። ተከታታይ ጉብታ ላይ ሾኩ እየሰመጠ እየሰመጠ ሄዶ መመለስ ካቃተው ወፍሯል። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ዘይትም መደረቢያም አብሮ ከተነካ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም።

ደቻቱ አሸዋ ላይ ወይም ወደ መልካ ጀብዱ የምትነዱ ከሆነ ቧንቧው ላይ የጎማ ሸፈን ግጠሙለት። ሥሩ ላይ ግን አየርና ውኃ መውጫ ቀዳዳ ይኑረው፤ አልፎ አልፎም ገልጣችሁ ጥረጉ። ሲል ማፍሰስ ሲጀምር ወዲያው አዲስ አትግዙ። ብዙ ጊዜ ከንፈሩ ሥር የገባች አሸዋ ናት። የሃይላንድ ፕላስቲክ በቀጭኑ ቁረጡ፣ ጠርዙን አለስልሱ፣ የአቧራውን ጎማ ከፍ አድርጋችሁ ከሲሉ ከንፈር ሥር አስገቡና ቧንቧውን ዙሩበት። አሸዋዋ ተጣብቃ ትወጣለች። ቧንቧውን ጠርጋችሁ ሾኩን ጥቂት ጊዜ ተጫኑት፤ የዘይት ቀለበት ካልተሠራበት ሲሉ ደህና ነው።

ከ100 ኪሎሜትር ገደማ በኋላ የማቀፊያዎቹን፣ የፔርኖውንና የካሊፐሩን ቡሎኖች እንደገና በቁልፍ ነካ አድርጉ።